ነፃ ወፍ ወዴት ትበራለች?

በፍቅር ዘፈን ውስጥ «ነፃ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ነፃ ሆኖ ወዴት? አብዛኞቹ ዘፈኖች መልስ የላቸውም። ክንፍ አለ፣ ሰማይ አለ፣ ነፋስ አለ፤ መድረሻ የለም። ዛሬ የምጽፈው መልስ ስላላቸው ሁለት ዘፈኖች ነው። አንዱ የስፔን ነው። ሌላው እኛ አሶሳ አካባቢ ያደግን ልጆች ትርጉሙን በቅጡ ሳናውቅ ጆሯችን የለመደው የሱዳን ዘፈን ነው። በሁለቱም ውስጥ ወፍ፣ ፍቅርና ድንበር አሉ። ጎን ለጎን ሲሰሙ ስለ ነፃነት የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ያም ነገር በየቲሸርቱና በየፕሮፋይሉ ከምናየው ነፃነት ጋር አይገጥምም።

ከስፔኑ ልጀምር። ርዕሱ «ሊብሬ» ነው፤ በስፓኒሽ «ነፃ» ማለት ነው። ፓብሎ ኤሬሮና ሆሴ ልዊስ አርሜንቴሮስ ደረሱት፣ የቫለንሲያው ልጅ ኒኖ ብራቮ እ.ኤ.አ. በ1972 ዘፈነው። ብራቮ በዓመቱ ኤፕሪል ላይ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ገና 28 ዓመቱ ነበር። ድምፁ ሲጀምር ዝቅ ብሎ፣ የሚያወራ መስሎ ነው፤ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ጉሮሮው ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። አዝማቹ ነፃ የሆኑ ነገሮችን ይደረድራል፦ ፀሐይ፣ ባሕር፣ ከእስር ያመለጠች ወፍ፣ ነፋስ። ቋንቋውን የማይሰማ ሰው እንኳ አንዴ ከሰማው ቀኑን ሙሉ ሲያንጎራጉረው ይውላል። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚያውቀው እንደ መሄጃ ዘፈን ነው፤ ጥሎ የመውጣት፣ ሰንሰለት የመበጠስ ዘፈን።

እስቲ ግን ከአዝማቹ በፊትና በኋላ ያሉትን ስንኞች ስሙ። ሃያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ወጣት ድንበር ላይ አለ። ደራሲዎቹ ቤቱንም ከተማውንም ያስቀመጡት ከድንበሩ ማዶ ነው። የሽቦ አጥሩ በእሱ ዓይን ተራ ብረት ነው። ፍቅሩን እንደ ባንዲራ ይዞ እየዘፈነ ይሄዳል፤ የሚጠራውን ድምፅ ከደስታው ብዛት አይሰማም። ከዚያ ወድቆ እናገኘዋለን። ዘፈኑ «ጥይት» አይልም፤ ደረቱ ላይ ቀይ አበባ ያሳየንና ዝም ይላል። ብዙ አድማጮች ታሪኩን ከፔተር ፌሽተር ጋር ያያይዙታል፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1962 የበርሊንን ግንብ ሊሻገር ሲል በጥይት ተመትቶ ከሞተው የ18 ዓመት ልጅ ጋር። የማንም ታሪክ ይሁን፣ የዘፈኑ ልጅ እየሄደ ያለው ወደ ቤቱ ነው። አዝማቹ ስለ መብረር ይዘፍናል፤ ስንኞቹ የሚያወሩት ስለ መግባት ነው።

ይህችን ልዩነት ቀላል አታድርጓት። አዝማቹ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚመጣ ቺሊ ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 ጄኔራል ፒኖቼ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ ደጋፊዎቹ «ሊብሬ»ን መዝሙራቸው አደረጉት። ስታዲየም እስር ቤት በሆነበት አገር «ነፃ» እያሉ ዘፈኑ። እንዴት ቻሉ? ፀሐይና ባሕር የማንም ስለሆኑ ነዋ። ቤትና ከተማ ያለው ልጅ ከዘፈኑ ሲወጣ የሚቀረው «ነፃ» የሚል ባዶ ሣጥን ነው፤ ማንም የፈለገውን ይከትበታል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ቤታችን ገነተ ማርያም ነው። ከአሶሳ በኩርሙክ የሚወጣው መንገድ ሱዳን ያስገባል፤ ዓባይም አገር ለቆ ሱዳን የሚገባው ከእኛው ክልል ነው። ብዙዎቹ የበርታ ጎረቤቶቻችን ከቋንቋቸው ሌላ አረብኛ ይናገራሉ። የሱዳን ዘፈን በባጃጁም፣ በሰርጉም፣ በሻይ ቤቱም አለ። መሐል አገርም ቢሆን እንግዳ አይደለም። የሱዳን ሙዚቃ እንደ እኛው በባለ አምስት ድምፅ ቅኝት የተሠራ ስለሆነ ትዝታና ባቲ ሲሰማ ላደገ ጆሮ አይከብድም። ሰይድ ኸሊፋና መሐመድ ዋርዲ አዲስ አበባ ላይ እንደ ቤተኛ የሚሰሙት ለዚህ ነው። ችግሩ ዜማው ቶሎ መግባቱ ነው፤ ቃሉ ደጅ ይቀራል። እንወዛወዛለን፣ እናጨበጭባለን፣ «ምን እያለ ነው?» ሲሉን «በቃ ፍቅር ነው» ብለን እናልፋለን።

«አል ጠይር አል ሙሃጂር» እንዲህ ከሚታለፉት አንዱ ነው። ግጥሙ የሳላህ አሕመድ ኢብራሂም ነው፤ ዘፋኙ ዋርዲ። ዋርዲ እ.ኤ.አ. በ1932 በሰሜን ሱዳን፣ ኑቢያ ውስጥ፣ ሰዋርዳ በሚባል ቦታ ተወለደ። መምህር ነበር፤ በ1957 በኦምዱርማን ሬዲዮ ብቅ አለና ከዚያ ወዲያ ሱዳን ያለ እሱ አልዘፈነችም ማለት ይቻላል። ርዕሱን እንዴት እንተርጉመው? «ሙሃጂር» የ«ሂጅራ» ዘመድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ወደ ነጃሺ አገር የመጡበትን ስደት የምንጠራበት ቃል። ቀጥታ ከሄድን «ስደተኛዋ ወፍ» ይሆናል። ግጥሙ ውስጥ ግን ስደተኛው ሰውየው ነው፤ ወፏ ወደ አገር ቤት እየሄደች ነው። ስሙ ለእሷ፣ ስደቱ ለእሱ።

ቃላቱን ከበርታ ጓደኞቼ ጋር አንድ በአንድ ስናያቸው መጀመሪያ የያዘኝ «ኸሪፍ» ነው። በመጽሐፍ አረብኛ «ኸሪፍ» ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነው፤ ሱዳን ውስጥ ግን ክረምት ነው፣ ዝናብ። ሌላ አገር ሆኖ የሚተረጉም ሰው ዘፈኑን ደረቅ ቅጠል ሊያለብሰው ይችላል። አሶሳ ያለ ሰው አይሳሳትም፤ የእኛም ዝናብ በዚያው ወራት ነው። ወፏ የምትደርሰው ምድሩ ሲለመልም ነው ማለት ነው። ሰውየው አገሩን በደፈናው አልናፈቀም፤ አገሩ የሚያምርበትን ወር ጭምር ነው የናፈቀው።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ፦ የሚናገረው ለማን ነው? የፍቅር ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ «አንቺ» ብሎ ይጀምራል። ይህ ዘፈን ፍቅረኛውን አንድም ጊዜ በቀጥታ አያናግራትም። የሚያናግረው ወፏን ነው። ፍቅረኛው ሩቅ ናት፣ «እሷ» ናት። ሰዋስው ራሱ ርቀቱን ይነግረናል፤ ሰውን «አንቺ» ለማለትም ትንሽ ቅርበት ይፈልጋል፣ እሱ ያቺን ታህል ቅርበት እንኳ የለውም።

ለወፏ የሚሰጣት አደራ ደግሞ ቅደም ተከተል አለው። እንድትፈጥን፣ መንገድ ላይ እንዳትዘገይ ያሳስባታል። ዓባይ ጋ ስትደርስ ወርዳ ሰላምታ እንድታቀርብ ይለምናታል፤ ለወንዙ፣ ለወጣቶቹ፣ ለተምር ዛፎቹ። እዚህ ላይ «ሰላም» የሚለው ቃል እየተደጋገመ ይመጣል፤ አረብኛ አንዲት ቃል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አድማጭም ይህቺን ይሰማታል፣ ቃሏ የእኛም ናትና። ኒኖ ብራቮ ነፃነትን በጉሮሮው ከፍታ ነው የሚያሳየን። ዋርዲ ግን አይጮህም። ዜማው በአምስቱ ድምፆች ውስጥ እየተመላለሰ ሰላምታ ያድላል፤ ረጅም መንገድ መጥቶ ቤቱን ሁሉ እንደሚስም ዘመድ።

ትንሿ ቤት የምትመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እዚያ ውስጥ ፍቅረኛው ሩቅ ላለው ሰው የሐር መሐረብ እየሠራች ነው። ችኩል አንባቢ «አገሩን አስቀድሞ እሷን መጨረሻ አደረጋት» ሊል ይችላል፤ ከዚያም ተነስቶ ሴቲቱ ሰም ናት፣ አገር ወርቁ ነው ይላል። እኛ ደግሞ ሰምና ወርቅ ስንወድ! አንዲት ትንሽ ነገር ግን ይህን ንባብ ታፈርሰዋለች። ወፏ ወደ ቤቲቱ እንድትሄድ የተለመነችው ውኃ ከመጠጣቷ በፊት ነው። ያን ሁሉ አገር አቋርጣ ዓባይ ዳር የደረሰች ወፍ፣ ሳትጠጣ። ሴቲቱ ከዝርዝሩ መጨረሻ ብትሆንም ከወፏ ጥም ትቀድማለች። ስለዚህ የምንም ነገር ሰም አይደለችም፤ አድራሻ ናት። ለዚህ ሰው አገር ማለት ወንዙ ነው፣ ከወንዙም እልፍ ሲሉ መብራቷ የሚታይ አንዲት ቤት።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። መልእክት ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ መድረሱን ማረጋገጥ የዕለት እንጀራዬ ነው። የላከ ሥርዓት መልስ ይጠብቃል፤ መልስ ካልመጣ ደግሞ ይልካል። ይህ ዘፈን መልስ የለውም። ወፏ ደረሰች አልተባለም፣ ተመልሳ አልመጣችም፤ አደራው ተነግሮ ሲያልቅ ዘፈኑም ያልቃል። ቴሌግራም ላይ አንዷ ምልክት ብቻ ታይታ ሁለተኛዋ አልመጣ ብላችሁ ታውቃለች? እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2024 ሱዳን ውስጥ ኔትወርክ ከሞላ ጎደል ሲቋረጥ፣ እዚያ ዘመድ ያለው ሁሉ በዚያች አንድ ምልክት ነው የሰነበተው። ወፏ ከስልክ በፊት የነበረች ናት፤ ጭንቀቷ ግን ዛሬም ያው ነው።

እሺ፣ ፍቅሩ ይሄ ነው። ነፃነቱስ? ዘፈኑ ነፃነትን ስሙን እየጠራ አይፎክርበትም። ወፏ ላይ ነው ያስቀመጠው፤ ኬላ ላይ የሚያስቆማት የለም፣ ወረቀት የሚጠይቃት የለም። ሰውየው ግን የቆመበት ቆሟል። ይህ ሰው መሄድ አልተከለከለም፤ ሄዷል እኮ። ያጣው የመመለሻውን መንገድ ነው። ነፃነት በዚህ ዘፈን ውስጥ መመለስ መቻል ነው። የ«ሊብሬ»ም ልጅ ወድቆ የቀረው እዚያው መንገድ ላይ ነው።

ቃላችንም ይህን አልረሳም። «ነፃ» ከመንጻት፣ ከመጽዳት ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። «አርነት» ሌላ ታሪክ አለው፤ ባሪያ የነበረ ሰው ሲለቀቅ «አርነት ወጣ» ይባል ነበር፤ ከትግርኛው «ሓርነት»ና ከአረብኛው «ሑሪያ» ጋርም ዘመድ ነው። የሱዳን ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 አደባባይ ወጥተው ከሰላምና ከፍትሕ በፊት የጠሩት «ሑሪያ»ን ነበር። የእኛ ምዕራብ ባሪያ ይፈነገልበት የነበረ ምድር ነው፤ እዚህ አርነት የወጣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ወዴት ልግባ?» ነው የሚሆነው። ከአራት ሺሕ ዓመት በፊት ሱመሮች ነገሩን በአንድ ቃል ጨርሰውታል። «አማርጊ» ይሉታል፤ ከዕዳ ባርነት መለቀቅን የሚገልጽ ቃል ነው፣ ቃል በቃል ሲፈታ ግን «ወደ እናት መመለስ» ነው። በጽሑፍ ከምናውቃቸው የነፃነት ቃላት ቀዳሚው ይኸው ነው። ወፍ የለበትም፣ ሰማይ የለበትም። እናት አለችበት።

አሶሳ ላይ ይህ ሁሉ የሰው ኑሮ ነው። ከ1977ቱ ድርቅ ጋር ተያይዞ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው፣ በብዛት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሰፈረ፤ አሶሳ አንዷ መስፈሪያ ነበረች። አባቴ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ከወሎ የመጣው ያኔ ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ይዘው የመጡ ሰዎች ናቸው። ከሰፈራው ወጥተው ወደ ቀያቸው ለመመለስ የሞከሩ ነበሩ፤ በእግራቸው ድንበር ተሻግረው ሱዳን ውስጥ ደማዚን ድረስ የደረሱም ነበሩ። ካርታ አውጡና እዩት። ወሎ ያለው በምሥራቅ ነው፣ እነሱ የሄዱት ወደ ምዕራብ። ወደ ቤት ለመግባት መጀመሪያ ወደ ባዕድ አገር መውጣት! የሰፋሪ ልጆች የዋርዲን አረብኛ ባንሰማም ድምፁ ሆዳችንን የሚያባባው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ዋርዲም የዘፈነው ደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ1971 ከከሸፈው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ በኒሜሪ ዘመን ታሰረ። በ1989 አል በሽር ሥልጣን ከያዘ በኋላ አገሩን ለቀቀ። በ1990 ጋምቤላ ውስጥ፣ ኢታንግ መጠለያ፣ ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች ዘፈነ፤ የጦርነቱ ሌላኛው ወገን ሕዝብ ፊት የቆመ የሰሜን ሰው። በ1994 አዲስ አበባ ያቀረበው ኮንሰርት ደግሞ በሲዲ ታትሟል። በ2002 አገሩ ገባ፣ በ2012 ካርቱም ላይ አረፈ። ለገጣሚው ግን አልሆነም። ሳላህ በአልጄሪያ የሱዳን አምባሳደር ነበር፤ ሥራውን ለቆ ፓሪስ ቀረ፣ በ1993ም እዚያው ሞተ። አደራውን የጻፈው ሰው ራሱ ወፍ ሲጠብቅ ኖረ።

ዘፈኑን ወደድኩት ማለት ግን ሁሉን እቀበልለታለሁ ማለት አይደለም። ያቺን መሐረብ አስቡ። ሰውየው ይናፍቃል፣ ወፏ ትበራለች፣ ሴቲቱ ቁጭ ብላ ትሰፋለች። ድምፅ የሌላት እሷ ብቻ ናት። እሷስ ወፏን ምን ብላ ትልካት ነበር? ግጥሙ አይጠይቅም። የእሱ የመመለስ ነፃነት እንዲሠራ እሷ ከቤት ንቅንቅ ማለት የለባትም። «ዘመኑ ነው» ብሎ ማለፍም አያስኬድም፤ የገጣሚው እኅት ማን ሆነችና! ፋጢማ አሕመድ ኢብራሂም ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሱዳን ፓርላማ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት። ባለቤቷን፣ የሠራተኛ ማኅበራት መሪውን ሻፊዕ አሕመድ አል ሼኽን፣ የኒሜሪ መንግሥት በ1971 ሰቀለባት። እሷም ስደት ቀምሳ በ2017 ለንደን ውስጥ አረፈች። መሐረብ ይዛ ያልተቀመጠች ሴት በገጣሚው ቤት ውስጥ ነበረች፤ ግጥሙ ውስጥ አልገባችም።

ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ደግሞ ጦርነቱ ግጥሙን ገልብጦታል። በኩርሙክ ከሚገቡት ስደተኞች ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ዛሬ ኡራ መጠለያ ውስጥ ክረምቱን የምትቆጥረው እሷ ናት። የትንሿ ቤት መስኮት መብራት ይኑረው አይኑረው አታውቅም። የቀረው ሰው ያለበትን የማታውቀው፣ ስልኳ ላይ አንዷን ምልክት የምታየው እሷ ናት። ስለዚህ ዘፈኑ ሲከፈት ከዋርዲ ድምፅ ጀርባ አንድ ሌላ ድምፅ እጠብቃለሁ፤ «እሷ» የተባለችበት ቦታ ላይ «እኔ» ብላ የምትዘፍን፣ ያንኑ ዜማ ይዛ አደራውን በተቃራኒው አቅጣጫ የምትልክ ሴት። ያ ዘፈን ቢመጣ የድሮውን አያፈርሰውም። ይመልስለታል።

የእኛ ትውልድ ነፃነትን «መውጣት» ብሎ ነው የሚጠራው። ምህንድስና አብረን የተማርን ልጆች ግሩፕ አለን፤ በየጊዜው የሚነሳው ጥያቄ «አሁን ደግሞ ማን ወጣ?» ነው። አልፈርድም፣ የሚላከውን ሊንክ እኔም ከፍቼ አየዋለሁ። ሁለቱ ዘፈኖችም «አትሂዱ» አይሉም። የሚሉት ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት በር ግማሽ በር መሆኑን ነው። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቁት ከወሎ አሶሳ የመጡት፣ ከአሶሳ ደማዚን የሄዱት፣ ከካርቱም ኡራ የገቡት ናቸው። አንድ መንገድ ነው፤ ሕዝቡ ብቻ ይቀያየራል።

እንግዲህ የሚቀጥለውን የፍቅር ዘፈን ስትሰሙ አዝማቹን ትንሽ አቆዩትና ስንኙ ውስጥ አድራሻ ፈልጉ፦ ቤት፣ መስኮት፣ ወንዝ፣ የሚጠበቅ ሰው። አድራሻ የሌለው ነፃነት ለፒኖቼም ተዘፍኗል። ዓባይ ዳር ያለችውን የዚያችን ቤት መብራት ግን እስካሁን ማንም ጄኔራል ለራሱ ሊያደርጋት አልቻለም፤ የማን እንደሆነች ዘፈኑ ተናግሯላ።